ባሌስትራ ማስጨመር ይብቃን

ፒክአፕ ለገዛ አበሻ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር የታወቀ ነው፦ «ኋላዋን አጠንክራት፣ ትንሽም ከፍ አድርጋት።» ምክሩ አገር ቤት ሶማሌ ተራ ቢሰጥ አይገርመኝም። የሚገርመኝ እዚህ ቦናመስ፣ በፍራንክፈርት ሰሜን ጫፍ፣ አስፋልት ሲሰነጠቅ የሰፈሩ ሰው ለከተማው አስተዳደር አቤት በሚልበት አገር፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል መደገሙ ነው። ቦናመስ ውስጥ የተፈረካከሰ መንገድ አሳየኝ ብባል የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ጦር እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ሄሊኮፕተር ያሳርፍበት የነበረው አሮጌው አየር ማረፊያ። ከተማው በኋላ ኮንክሪቱን ሆን ብሎ አስፈረካክሶ ለእንቁራሪትና ለወፍ ተወው። እዚያ ደግሞ መኪና አይገባም።

ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች አዋቂዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከእኔ በላይ ብሎን ፈትተዋል። እኔ ግን ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ድርቀትን ከጥንካሬ፣ ከፍታን ከመሬት አያያዝ ጋር አምታተዋል። መሬት የምትይዝ ፒክአፕ የሚሻ ሰው ብረት ቢጨምር ከሚፈልገው ነገር ይርቃል። የሚያስፈልገው ከመኪናው ዕድሜ ጋር የጠፋውን ልስላሴና ቁጥጥር መመለስ ነው፤ አብዛኛው ሥራ ደግሞ ግቢ ውስጥ፣ በገዛ እጅ የሚያልቅ ነው።

የምክሩን ትውልድ አልክድም። አገር ቤት ፒክአፕ ሊብሬዋ ላይ የተጻፈውን ጭነት የምታከብርበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ቶን የተፈቀደላት ሃይሉክስ ሲሚንቶውንም፣ ጤፉንም፣ ከጤፉ በላይ የተቀመጠውን ሰውም ትሸከማለች። ባሌስትራው ተለምጦ ሻንሲው ከአክስሉ ጋር መላተም ሲጀምር ባለቤቱ መካኒክ ዘንድ ሄዶ አንድ ሁለት ፍሬ ያስጨምራል። ለዚያ ችግር ያ መፍትሔ ይሠራል፤ የሰውየው እንጀራ ነውና አልፈርድበትም። ግን ልብ በሉ፤ ጥያቄው «ከልክ በላይ ጭኜ እንዴት ልድረስ?» የሚል ነበር። «ኩርባ ላይ እንዴት እንዳትከዳኝ ላድርግ?» ብሎ የጠየቀ ማንም አልነበረም። የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ስንሰጥ ነው የኖርነው።

ሃይሉክስም ሆነች ሬንጀር ወይም ኤል 200 ከፋብሪካ ስትወጣ የኋላ ባሌስትራዋ የተሰላው ካሶኒው ላይ አንድ ቶን ገደማ ተጭኖባት እንድትሄድ ነው። ቦናመስ ውስጥ ካሶኒው ላይ ምን አለ? አብዛኛውን ቀን ምንም። አንዳንድ ቅዳሜ ቤት የሚቀይር ሰው ፍራሽና ማቀዝቀዣ፣ ለክርስትና የተለመነ ወንበርና ድንኳን፣ ሁለት ሦስት ካሳ ውኃ። እንግዲህ መኪናዋ ማንም ሳይነካካት እንኳ ለምትሸከመው ክብደት ከሚገባው በላይ ደረቅ ናት ማለት ነው። ባዶዋን ስትሄድ ኋላዋ የሚዘለው ባሌስትራው ለባዶ መኪና በጣም ስለበረታ ነው። እዚያ ላይ ሌላ ፍሬ መጨመር፣ ወጡ ጨው በዛበት ላለ እንግዳ ጨው ማቀበል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ ነው። ሞላም ሆነ ባሌስትራ ጉብታ ሲመታው ኃይሉን አጠራቅሞ መልሶ ይለቀዋል፤ ራሱ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ሾኩ ነው፤ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከኮረኮንች ጉዞ በኋላ ሾኩን በእጅ የነካ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። ባሌስትራ ጨምረን ሾኩን እንደነበረ ከተውነው ታዲያ፣ የሚለቀቀው ኃይል በረታ፣ የሚገታው ግን ያው የቀድሞው ነው። መኪናዋ ከበፊቱ ይልቅ ያልተገራች ሆነች። ገንዘብ ከፍሎ ይህን መግዛት ምን ይባላል?

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤን ጉሪዮን ሪንግ አጠገብ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ሳለ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ባሌስትራ የተጨመረላትን ፒክአፕ ካሶኒ በሁለት መዳፋቸው ተጭነው «አየህ ልጄ? ንቅንቅ የለም! ድንጋይ ናት!» አሉ። ባለቤቱም ደስ ብሎት «ይቺማ የዕድሜ ልክ ናት ጋሼ» ብሎ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ጋሼን እንደ አባት አከብራቸዋለሁ፤ ያመሰገኑት ግን ጥፋቱን ነው። ንቅንቅ የማትል መኪና ጉብታ ስታገኝ፣ ጎማው ብቻውን ከፍ ብሎ መመለስ ሲገባው፣ ጀርባዋ በሙሉ ይነሳል። ያኔ ጎማው ለቅጽበት መሬቱን ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይሰማም። በመዳፍ መጫኑም ራሱ ፈተና አይደለም። የባሌስትራ ፍሬዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ እንቅስቃሴውን ያፍኑታል፤ ስለዚህ ሾኳ የሞተ ፒክአፕም ብትጫኗት ዝም ትላለች። ስለ ሾኩ እውነቱን የፈለገ ሰው በማሽን ያስፈትነው፤ አዳክ የሚባለው የአውቶሞቢል ክለብ ራሱ ይህን አገልግሎት ይሰጣል።

አሁን ዝናብ ጨምሩበት። መኪና ኩርባ ውስጥ ስትገባ ክብደቷ ወደ ውጭኛው ጎን ይሸሻል፤ ከፊትና ከኋላ ይበልጥ የደረቀው ጫፍ የዚህን ሽሽት ትልቁን ድርሻ ይወስድና ቀድሞ መሬት ይለቃል። ኋላው ብቻ የደረቀ ፒክአፕ፣ ያውም ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ፣ ያውም ባዶ፣ እርጥብ ኩርባ ላይ ጭራውን የሚወረውረው በዚህ ምክንያት ነው። ቦናመስን አልፎ የሚሄደውን ኤ 661 አውቶባን በኅዳር ዝናብ ያየ፣ በክቡ መግቢያ ላይ እግሩን ነዳጅ ላይ የጫነ፣ የምለውን ያውቀዋል። እዚያ ቦታ ላይ «ድንጋይ ናት» የሚለው ምስጋና አይጠቅምም።

ብዙ ሰው ጨርሶ ያልሰማውን ልንገራችሁ። በብዙ የቀድሞ ሃይሉክሶችና በመሰሎቻቸው ሥር፣ ከኋላ አክስሉ በላይ፣ በቀጭን ዘንግ የተያያዘች አንዲት ቫልቭ አለች። ሥራዋ ጭነት መለካት ነው። ካሶኒው ተጭኖ ጀርባው ዝቅ ሲል ዘንጉ ይገፋትና ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትጨምራለች፤ መኪናዋ ባዶ ሆና ጀርባው ከፍ ሲል ደግሞ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ግፊቱን ትቀንሳለች። ቫልቯ ሚዛን የላትም፤ የምታየው ከፍታን ብቻ ነው። ባሌስትራ ጨምራችሁ ጀርባውን አምስት ሳንቲሜትር ስታነሱት፣ ያቺ ቫልቭ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስላታል። ስምንት መቶ ኪሎ ጭናችሁ ፍሬን ስትይዙ የኋላው ፍሬን ሰንፎ፣ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ላይ ይወድቃል። አንዳንድ መካኒክ ዘንጓን በዚያው ልክ ያስተካክላታል፤ ብዙው ግን መኖሯንም አያነሳም። «ለጭነት ነው ያጠነከርኳት» የሚል ሰው ፍሬኑን የቀነሰው በተለይ ለጭነት ጊዜ መሆኑን ማን ይንገረው? ፍሬን በኤሌክትሮኒክስ የሚከፋፈልላቸው አዳዲሶቹ ከዚህ ነጻ ናቸው፤ የኛ ሰው የሚገዛው ግን በአብዛኛው አሮጌዎቹን ነው።

ስለ ከፍታም እንዲሁ። መኪና ከፍ ባለች ቁጥር የክብደቷ እንብርት አብሮ ይወጣል፣ ኩርባ ላይ የሚሸሸው ክብደትም ይጨምራል። ከፋብሪካ እንደወጣች እንኳ ፒክአፕ ከዚህ ችግር ጋር ስትታገል የኖረች ዓይነት ናት። ቴክኒከንስ ቬርልድ የተባለው የስዊድን መጽሔት፣ ድንገት መንገድ ላይ የወጣ አውሬን መሸሽን የሚያስመስል ፈተና አለው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የመርሴዲስን ኤ ክላስ የገለበጠው እሱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሃይሉክስን ሲፈትናት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ሁለት ጎማዋን ከመሬት አነሳች። በ2007 እ.ኤ.አ. የቀድሞዋም እንዲሁ ወድቃ ነበር። ቶዮታ ማስተካከያ ካደረገ በኋላ ነው በድጋሚ ፈተና ያለፈችው። የፋብሪካው መሐንዲሶች በዚህን ያህል ጠባብ ህዳግ ላይ ሲጨነቁ፣ እኛ ከላዩ አምስት ሳንቲሜትር ጨምረን «አሁን መሬት ያዘች» እንላለን።

ከፊት በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር የሚባል የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ያላቸው አሮጌ ፒክአፖች ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ወሬ አለ። የማስተካከያ ብሎኑን ሲያጠብቁት «ባሩ ጠነከረ» ይላሉ። ባሩ አልጠነከረም፤ የባሩ ጥንካሬ በውፍረቱና በርዝመቱ የተወሰነ ነው። የሆነው መኪናዋ ከፍ ማለቷ ነው፣ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታም ማለቁ። ስለዚህ ጉድጓድ ስታገኝ ክንዱ ከማቆሚያው ጋር ኳ ብሎ ይላተማል፤ ሹፌሩም የላተመውን ብረት «ጥንካሬ» ይለዋል።

«ይህ የፈረንጅ አስፋልት ወሬ ነው፤ የኛ መንገድ ሌላ ነው» የሚል ሰው እንደሚነሳ አውቃለሁ። መንገዱ በከፋ ቁጥር ግን ልስላሴ ይበልጥ ያስፈልጋል። ጎረቤታችን ኬንያ ሳፋሪ ራሊ ላይ በ1975 እና በ1978 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ፔጆ 504፣ በሶፋ ልስላሴዋና ጎማዋ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድበት ረጅም ርቀት የታወቀች መኪና ናት። ወደ ራሳችን እንምጣ፤ በኢትዮጵያ ገጠር የረድኤት ድርጅቶች የሚነዷት ላንድክሩዘር 70፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊቷ ከባሌስትራ ወደ ሞላ ተቀይሯል። ቶዮታ ኋላዋን ለጭነት ብሎ ተወው፤ መሪው ያለበትን ጎን ግን አለሰለሰው። ባለ አራት በሯ ኒሳን ናቫራ በ2015 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለአውሮፓ ስትመጣ የኋላ ባሌስትራዋን አውልቃ በሞላ መጣች። ፎርድ ደግሞ ሬንጀር ራፕተርን በመጥፎ መሬት ላይ በፍጥነት እንድትሄድ ብሎ ሲሠራት ኋላዋን በሞላ ቀየረው፣ ውድ ሾክ አስገባላት፣ በምትኩም የመጫን አቅሟን ከአንድ ቶን ወደ 600 ኪሎ ገደማ አወረደው። ለአያያዝ ሲል ጭነት መስዋዕት አደረገ። የኛ ምክር በትክክል ተቃራኒው ነው፤ ለማይጫን ጭነት አያያዝን መስዋዕት ማድረግ።

«ነገ አገር ቤት ትሄዳለች፣ ከወዲሁ ላዘጋጃት» የሚለውም ምክንያት እየጠበበ ሄዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክያለሁ አለ። ያቺ መኪና ዕድሜዋን እዚሁ ቦናመስ፣ በሆምቡርገር ላንድሽትራሰ ላይ የምትጨርስ ይመስለኛል። ለምትኖርበት መንገድ ብናዘጋጃትስ?

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን። የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የጎማ ንፋስ ሠንጠረዥ አንብቡ፤ ለባዶና ለተጫነ መኪና ሁለት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ባዶ መኪና በጭነት ንፋስ ይነዳና ዝላዩን በባሌስትራ ያሳብባል። ቀጥሎ ጎሚኒዎቹን። የባሌስትራው ጆሮና የሾኩ ጫፍ የሚያርፉበት ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ አክስሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፤ አውቶባን ላይ መሪው ያለማቋረጥ እርማት የሚጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በባትሪ መብራት ተኝታችሁ እዩት፤ ዙሪያውን ተቀዶ የዝገት ዱቄት ከተፋ ሥራው አብቅቷል።

ከዚያ ሾኩን። እዚህ አገር የሚሠሩ አሉ፤ የኤነፔታሉ ቢልሽታይንና የሽቫይንፉርቱ ሳክስ ከዕቃ መደብር በቀላሉ ይገኛሉ። ለዚያችው መኪና የተሠራ፣ ከፋብሪካው ልክ ጋር የተስማማ ሾክ ግዙ፤ ከባዶ እስከ ግማሽ ጭነት ለሚነዳ ሰው ከዚህ በላይ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ የለም። የኋላ ሾክ መቀየር የጀማሪ ሥራ ነው። ደልዳላ መሬት፣ ጥሩ ክሪክ፣ ከሻንሲው ሥር የሚቆሙ ሁለት የብረት መደገፊያዎች፣ ለዛገው ብሎን ከማታው የተረጨ ዘይት። ክሪክ ማንሻ ነው፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሞቱን እየጠራ ነው። አንድ ስህተት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይዘወተራል፦ የጎሚኒ ብሎኖችን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቆ መጨረስ። ጎሚኒው በዚያ አቀማመጥ ይያዝና መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። በእጅ ያዝ ያዝ አድርጋችሁ አስገቡት፣ መኪናውን በጎማው አቁሙት፣ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ ፋብሪካው ባዘዘው መጠን አጥብቁ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከፈታችኋቸው ደግሞ በአዲስ ተኩ፤ አንዴ የተለጠጠ ብሎን መልሶ አይታመንም።

የፊቱን ሞላ ግን ተዉት። የተጨመቀ ሞላ ከመያዣው ቢያመልጥ ሰው ይገድላል፤ ለዚህ ነው ሾኩን ሞላው ላይ ተገጥሞ የተዘጋጀውን መግዛት ወይም ያንን ክፍል ብቻ ለጋራዥ መስጠት የሚሻለው። ሲያልቅ አላይመንት ይታይ፤ እሱንም በቤት በክር እለካለሁ ለሚል አልከራከርም፣ ጎማውን ሲበላ ያየዋል።

«ጀርመን ውስጥ ሰስፔንሽን በገዛ እጅ መንካት ክልክል ነው» የሚለው ሌላው ወሬ ነው፤ ሰውን ወደ ማንም ስውር ጋራዥ የሚገፋውም ይኸው ወሬ ነው። ማን እንደገጠመው ሕጉ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ምን እንደተገጠመ ነው። ከፋብሪካው ልክ ጋር የተስማማ ሾክና ጎሚኒ መቀየር ጥገና ነው። የመኪናዋን ከፍታና የሞላውን ድርቀት የሚለውጥ ዕቃ ግን የራሱ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ታይለጉትአኽተን የሚሉት ወረቀት ካለው ከገጠማችሁ በኋላ ሳትውሉ ሳታድሩ ቲዩፍ ወይም ዴክራ የተባሉት የመኪና መርማሪ ድርጅቶች ዘንድ ወስዳችሁ ታስመረምራላችሁ። ያለ ወረቀት አንድ ፍሬ ባሌስትራ መጨመር፣ በሌላ በኩልም መቀነስ፣ የመኪናዋን የመንዳት ፈቃድ ሊያሳጣት ይችላል፤ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚይዘው ይህንኑ ነው። በየመንገዱ ዳርና በኪራይ ቤት ማቆሚያ መኪና መፍታትም ብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ ቦታና ማንሻ በሰዓት የሚያከራዩ ጋራዦች ስላሉ እዚያ ሂዱ፣ እሁድ ደግሞ ጎረቤት አታውኩ። እንግዲህ እዩት፤ ለባሌስትራ አስጨማሪው ነው ሕጉ የሚከብደው፣ በግቢው ሾክ ለሚቀይረው አይደለም።

በእውነት ከባድ ነገር የሚጭን ሰው ካለ፣ ለምሳሌ የግንባታ ሥራ የያዘ፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ወረቀት ያለው፣ ለክብደቱ የተሰላ ባሌስትራ ከነተስማሚ ሾኩ ይግጠም፣ የፍሬን ቫልቯንም ያስተካክል። «ከፍ ካላለች ፒክአፕ አትመስልም» ከሚለው ጋርም አልጣላም፤ ቁመና ወዶ ነው፣ ገንዘቡም የራሱ ነው። ጠቤ ቁመናውን ገዝቶ «ለደህንነት ነው ያደረግኩት» እያለ ለሚቀጥለው ገዢ ከሚመክረው ጋር ነው፤ እሱ ከመምከሩ በፊት ባዶ ካሶኒዋን ይዞ በዝናብ ቀን የታውኑስ ተራራን ኩርባዎች ወደ ፌልድበርግ ጫፍ ወጥቶ ይውረድባቸው፣ ጋሼንም ከጎኑ ያስቀምጣቸው።